ወረቀት ያልያዘው የመንዝ ሕግ

የአገር ቅርስ የሚባል ነገር በተነሣ ቍጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ አክሱም ሐውልት፣ ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጎንደር ግንብ ይሮጣል። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ እነዚህ ሥራዎች ስማችንን በዓለም ፊት ያስጠሩ ናቸውና። ነገር ግን አባቶቻችን ካወረሱን ሀብት ውስጥ በድንጋይ ያልታነፀ፣ በብራና ያልተጻፈ፣ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥም ሊቀመጥ የማይችል ቅርስ እንዳለ ማስተዋል ይገባናል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ቅርስ ነው። ስፍራው መንዝ ነው፤ ነገሩም የአንድ የሣር ሜዳና በዙሪያው የሚኖሩ መንደሮች ታሪክ ነው።

ስለ ሣር ለመናገር ይህን ያህል መዘጋጀት ለምን አስፈለገ? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ያን ሣር ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ያኖረው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ከጧት እስከ ማታ የምንውለው ሕግና ደንብ ስናረቅቅ፣ ስንተረጕምና ስናስፈጽም ስለ ሆነ፣ ይህ ታሪክ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከተናል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ጣርማ በር በወጣ ጊዜ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን በተቦረቦረው ዋሻ ውስጥ አልፎ ቍልቍል ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ወደ መንዝ የሚሄደው ግን ቍልቍለቱን ትቶ ደጋውን እንደ ያዘ ወደ ሰሜን ያቀናል። በዚህ መንገድ የማማ ምድር ከተማ ሞላሌ ይገኛል፤ ከሞላሌም ወዲያ የጌራ ምድር ከተማ መሐል ሜዳ አለ።

ፈጣሪ መንዝን በገደል አጥሮ ያኖረው ምድር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደቡብ የሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ደግሞ የቀጨኔ ወንዝ ጥልቅ ሸለቆ እየቈፈሩ ይዞሩታል። በምሥራቅ በኩል ረጅም የተራራ ሰንሰለት ቆሞ ከኤፍራታ፣ ከግድምና ከቀወት ቆላ ይለየዋል። ጎረቤቶቹ ግሼና መርሐ ቤቴ ከሸለቆዎቹ ማዶ ይታያሉ፤ ለዓይን የቀረቡ ይመስላሉ፤ ለእግረኛ ግን ቍልቍለት ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ አቀበት መውጣትን ይጠይቃሉ። በዚህ ምክንያት የመንዝ ሰው ችግሩን በራሱ ምክርና በራሱ ዳኝነት መፍታትን ከጥንት ጀምሮ ለምዶ ኖረ።

መንደሩ ከሩቅ ሲታይ ከምድሩ የበቀለ ይመስላል። ቤቱ ከማሳው በተለቀመ ድንጋይ ይሠራል፤ ጣራው ጓሳ በሚባለው ጠንካራ ሣር ይከደናል፤ በዛሬው ጊዜ ቆርቆሮ እየተተካ ቢሄድም የጓሳው ክዳን ጨርሶ አልጠፋም። በጥድ የተከበበው ቤተ ክርስቲያን ከመንደሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ምድሩ ውርጭ ስለ ሆነ ጤፍ አይወጣለትም፤ የገበሬው ተስፋ ገብስና ባቄላ ነው። ገብሱን ውርጭ የመታው እንደ ሆነ የሚደርሱለት በጎቹ ናቸው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጠጕሩ ብዙ፣ ብርዱን የሚችል ነው። ጠጕሩን ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ይሠራዋል፤ ባና የሚባለው ወፍራም የሱፍ ልብስና ጥቁሩ በርኖስ ከዚህ ይወጣሉ። በደጋው ብርድ ባና የሌለው ቤት፣ እሳት የሌለው ምድጃ ማለት ነው።

አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በአገራችን በነበረበት ጊዜ በመንዝ ተቀምጦ የገበሬውን ኑሮ አጥንቶ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ስለዚህ አገር በሰፊው ጽፏል። የባሕር ማዶ ሰው ከዚያ ርቆ መጥቶ ያጠናውን ምድር፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን የምንደርስበት እኛ ምን ያህል እናውቀዋለን? ይህን ጥያቄ ለየራሳችን እንተወው።

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ማማ፣ ላሎና ጌራ ምድሩን አስቀድመው ያቀኑ አባቶች ስም ነው። የዛሬዎቹ ወረዳዎችም እነዚህን ስሞች እንደ ያዙ ናቸው። ከዚህ ምድር የተነሣ ታሪክም ከሸለቆዎቹ ወጥቶ መላውን ኢትዮጵያ የነካ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ አጋንቻ በሚባለው የመንዝ ስፍራ ባለ ርስት የነበረው ነጋሢ ክርስቶስ ኀይሉን አጠናክሮ ወደ ይፋት ገፋ። ዘሩንም ከዐፄ ልብነ ድንግል ይቈጥር ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ግዛቱን በዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ለማጸናት ወደ ጎንደር ወጥቶ ሳለ በፈንጣጣ ሞተ። ሹመቱን በእጁ ይዞ ወደ አገሩ ሳይመለስ ቢቀርም፣ የጀመረው ነገር አልቀረም። ልጁ ስብስቴ፣ ከእርሱም በኋላ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰንና ወሰን ሰገድ ተከታትለው የሸዋን መንግሥት አሰፉ። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዚህ ሐረግ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውም አዲስ አበባን የቈረቈሩት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። እንግዲህ በአራት ኪሎና በፒያሳ የምንመላለስ ሁሉ የታሪካችንን ምንጭ ወደ ኋላ ብንከተለው፣ አንዱ ፈለግ ከአንድ የመንዝ ባለ ርስት ደጅ ያደርሰናል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። በጌራ ምድር በስተ ምሥራቅ፣ ተራራው ወደ ቆላው ከመገመሱ በፊት፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ የደጋ ሜዳ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሞላው የጓሳ ሣር ነው። ከዚህ ከፍታ የሚመነጨው ውሃ ገሚሱ ወደ ምሥራቅ ወርዶ አዋሽን ሲመግብ፣ ገሚሱ በምዕራብ ወንዞች አድርጎ ወደ ዐባይ ይሄዳል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በዚህ ሜዳ ይኖራሉ። የቀይ ቀበሮ ቍጥር በዓለም በሙሉ ከ500 በታች መሆኑን ስናስብ፣ ጓሳ ምን ያህል ውድ መጠጊያ እንደ ሆነ ይገባናል።

ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ ከሁሉ አስቀድሞ ኑሮው ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፤ ገመድ ይሆናል፤ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳም ከሣር ይሠራል። ጨረንፌ የሚባለው ቍጥቋጦ ለማገዶ ይለቀማል። ድርቅ በመጣ ጊዜ ከብቱ የሚተርፈው በዚህ ሜዳ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ሁሉም የሚፈልገው ነው፤ ሁሉም የሚፈልገው ነገር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ታዲያ ጓሳ ለምን አላለቀም?

የአገሩ አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ይህን የሣር አገር ለልጆቻቸው የጋራ መጠቀሚያ ይሆን ዘንድ ለዩት። ወሰኑንም የለዩት በፈረስ ግልቢያ ነው፤ ፈረሶቹ ኀይላቸው እስኪያልቅ ተጋልበው ደክመው የወደቁበት ቦታ ድንበር ሆነ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የአስቦ ጓሳና የጌራ ጓሳ ተብሎ ተጠራ። ጠባቂው ሥርዓትም ቄሮ ተባለ።

የቄሮ ሥርዓት አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ተጠቃሚው ሕዝብ በየደብሩ ተከፍሎ፣ ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ በአንድ ቃል ይመርጣሉ። ሜዳው ለሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ፍጹም ክልክል ነው፤ ጥበቃውም ለየደብሩ ሰው በተራ ይደርሳል፤ የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ለአጨዳ መድረሱ በታወቀ ጊዜ፣ በበጋው ወራት፣ አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃል። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ከብቱ ወጥቶ ሜዳው እንደገና ይዘጋል። የመዝጊያው ዘመን ርዝመት በሣሩ እድገትና በሕዝቡ ችግር ይመዘን ነበር እንጂ፣ ለሁሉ ጊዜ በአንድ ቍጥር የተቸነከረ አልነበረም።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን ሥርዓት በእኛ በቢሮ ሰዎች ዓይን እንመልከተው። ወሰኑ የታወቀ ነው። ባለ መብቱ የታወቀ ነው። ኀላፊው የተመረጠ ነው። የሥራው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ቍጥጥርና ቅጣት አለው፤ ለችግር ቀንም መላ አለው። አንድ መልካም ደንብ ሊኖሩት የሚገቡ አንቀጾች ሁሉ አሉት። የጐደለው ማኅተምና ቍጥር ብቻ ነው። ይህም ሆኖ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ጸንቶ ኖረ።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። የቄሮ ሥርዓት እንከን የሌለበት አልነበረም። መብቱ የተመሠረተው በአጽመ ርስት ላይ ነበር፤ ማለት ከአስቦ ወይም ከጌራ ሐረግ መወለዱን የሚቈጥር ሰው ብቻ ባለ መብት ይሆናል። ከሌላ ስፍራ መጥቶ በዚያው ቀዬ የሚኖር፣ በዚያው ውርጭ የሚቀጣ ሰው፣ ዘሩ ካልተቈጠረ ሣሩን በሩቅ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። በጎ ሕግ ለአንዱ ጥላ ሲሆን ለሌላው አጥር ሊሆን እንደሚችል ይህ ያስተምረናል።

ይህ ደጋ የሠራውን ብቻ ሳይሆን የተቀበለውን መከራም እናስብ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የመንዝ ገደልና ዋሻ የአርበኞች መጠጊያ ሆኖ ነበር። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ሰሞን፣ የአበበ አረጋይ ወገን የነበሩ አርበኞች በተሾመ ሽንቁጥ መሪነት በመንዝ ዘረት ከሚባለው ስፍራ ዋሻ ውስጥ ገብተው ነበር። ከታጣቂዎቹ ጋር ቍስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት አብረው ነበሩ። የጠላት ጦር ዋሻውን ከብቦ በመሣሪያ ማስለቀቅ ቢሳነው የመርዝ ጋዝ ወደ ውስጥ ለቀቀ። ተሾመ ሽንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከበባውን ጥሶ ሲያመልጥ፣ ብዙዎች በዋሻው ውስጥ አለቁ፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትም ወንዶች በጥይት ተረሸኑ። የሞቱት በመቶዎች የሚቈጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት የተፈረመው ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ወረቀቱ ነበር፤ ፊርማው ነበር፤ ማኅተሙ ነበር። በዘረት ዋሻ አፍ ላይ ግን ያን ወረቀት የሚያከብር አንድም አዛዥ አልተገኘም። ከዚያው ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ ወረቀት የሌለው የቄሮ ሕግ በቃል ብቻ ይከበር ነበር። ሕግን ሕግ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ በመንዝ ውስጥ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያገኛቸዋል።

ዋሻውን የአገሩ ሰው አመፀኛ ዋሻ ብሎ ይጠራዋል። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በውስጡ ምን እንደ ተፈጸመ ከአባቶቻቸው ሰምተው ያውቁ ነበር። የሊቃውንት ዓለም ግን ነገሩን የሰማው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም. ኢጣልያዊው የታሪክ ምሁር ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በአገሩ የጦር መዛግብት ያገኘውን ፈለግ ተከትሎ ወደ ስፍራው መጣ። ከእርሱም በኋላ የስፔንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ዋሻውን አጥንተው የሰው አፅም፣ የሸክላ ዕቃ፣ እህልና የጥይት ቀለህ ማግኘታቸውን አሳትመዋል። መዝገቡ በሮም፣ ትዝታው በመንዝ ለ67 ዓመታት ተለያይተው ኖረው በመጨረሻ ተገናኙ። ከእኛ ወገን አስቀድሞ ጠይቆ የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የዓይን ምስክሮቹ ብዙዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው በተመዘገበ ነበር። ይህ ወቀሳ በማንም ላይ አይደለም፤ በሁላችን ላይ ነው።

ወደ ሣሩ እንመለስ። ወራሪው ሄደ፤ ዘመንም አለፈ፤ ቄሮ እንደ ቆየ ቆየ። የተፈታው በጦር ሳይሆን በአዋጅ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 31 ወጣ። ይህ አዋጅ በብዙ የአገራችን ክፍል የጭሰኛውን ቀንበር የሰበረ ስለ ሆነ ታላቅነቱ አይካድም። በመንዝም በዘር ሐረግ ምክንያት ከጓሳው የተገፋው ሰው መብት እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ነገር ግን አጽመ ርስት ሲሻር፣ በአጽመ ርስት ላይ የቆመው የአባ ቄራ ሥልጣንም አብሮ ወደቀ። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ለሣሩ ግን በሽማግሌዎቹ ፈንታ ወዲያው የተተካ ጠባቂ አልነበረም። የማን ነው? ቢባል የሕዝብ ነው፤ ማን ይጠብቀዋል? ቢባል መልስ የለም። ያን ጊዜ ገበሬው እንዲህ ብሎ አሰበ፤ «እኔ ዛሬ ባላጭደው ጎረቤቴ ነገ ያጭደዋል»። ይህ አሳብ በአንድ ሰው ላይ ሲያድር ትንሽ ነው፤ በሺህ ሰው ላይ ሲያድር ግን ሜዳ ያራቍታል። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ከብቱ ያለ ወቅቱ ገባ፤ የሜዳው ጠርዝም ታረሰ።

አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ጓሳን ለማጥፋት አስበው እንዳልነበር የታወቀ ነው። ምናልባትም ከነጭራሹ ስሙን አልሰሙት ይሆናል። ችግሩም ይኸው ነው። ለመላ አገር የሚጻፍ ሕግ እያንዳንዱን ሜዳና እያንዳንዱን መንደር ሊያይ አይችልም፤ ያላየውንም ነገር ሳያውቀው ይሽረዋል።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ታሪኩ በዚህ አለማለቁ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ጥፋቱን አይቶ ዝም አላለም። በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ሽማግሌዎቻቸውን መርጠው በጋራ የሚጠብቁበትን አዲስ ሥርዓት አቆሙ። አዲሱ ሥርዓት የአባቶችን ጥበብ ወሰደ፤ መዝጋትንና መክፈትን፣ ተራ መጠበቅንና የጣሰን መቅጣትን መለሰ። የአባቶችን እንከን ግን አልወሰደም፤ የዘር ቈጠራው ቀርቶ በዚያ የሚኖር ገበሬ ሁሉ ተካፋይ ሆነ። በሳይንስ የተማሩ ሰዎችም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው የቄሮን ታሪክ መዘገቡ፤ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘለዓለም ተፈራ ስለዚህ ሥርዓት ያሳተመው ጥናት በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ተነቧል። በ2000ዎቹ ዓመታትም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ክልል አድርጎ በደንብ አወቀው። ወረቀት የሌለው ሕግ በመጨረሻ ወረቀት አገኘ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ሕጉን አልፈጠረውም፤ በሕዝቡ ዘንድ ያገኘውን ሕግ አጸናው እንጂ።

ይህ የመንዝ ነገር በዓለም ካለው ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 አሜሪካዊው ሊቅ ጋሬት ሃርዲን ብዙ ሰው የሚጋራው ግጦሽ ሁሉ መጥፋቱ እንደማይቀር፣ ይህም እንዳይሆን ወይ ለግል መከፋፈል ወይም በመንግሥት እጅ መግባት እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። በብዙ አገር ያሉ ሹማምንትም ተቀበሉት። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ምሁር ግን በልዩ ልዩ አገር ያሉ መንደሮችን መርምራ፣ ሃርዲን ያላሰበው ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አሳየች። በስዊስ ተራሮች ውስጥ በሚገኘው በቶርበል መንደር፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልብ ከሚችለው ቍጥር በላይ ላሞች ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ የሚከለክል ደንብ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1517 እንደ ተጻፈ አመለከተች። ለዚህ ሥራዋ በ2002 ዓ.ም. በኤኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣት፣ በዚያ ዘርፍ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ኦስትሮም ከመንደሮቹ ያገኘቻቸው መመዘኛዎች፣ የታወቀ ወሰን፣ የታወቀ ባለ መብት፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚያወጣው ደንብ፣ ጥበቃና በልክ የሆነ ቅጣት፣ የአስቦና የጌራ ልጆች መጽሐፍ ሳያነቡ ሲሠሩባቸው የኖሩ ናቸው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ከእንግሊዝ አገር እናገኛለን። በእንግሊዝ ገጠር ከብዙ ዘመን ጀምሮ መንደርተኛው በጋራ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ማገዶ የሚለቅምበት መሬት ነበረ። በተለይ በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፓርላማው በሺህ የሚቈጠሩ ሕጎች እያወጣ ይህን መሬት በአጥር ከፋፍሎ ለግል ባለ ይዞታዎች ሰጠው። እርሻው ምርት ጨመረ የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ አንዲት ላም ብቻ የነበረችው ድኻ ላሙን የሚያሰማራበት አጥቶ የሰው ሠራተኛ ሆነ፤ ብዙውም ወደ ከተማ ፈለሰ። ዛሬ እንግሊዞች ከአጥር የተረፈውን ጥቂት የጋራ ሜዳ እንደ ብርቅ ቅርስ ሲጠብቁት እናያለን። እነርሱ በጊዜው ያጡትን እኛ ገና በእጃችን ይዘነዋል።

የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ሁሉ ያወጋነው የመንዝን ሕዝብ ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ምስጋናችን ለሣሩ ዝናብ አይሆነውም። ያወጋነው በየጠረጴዛችን ላይ ስለሚቀርበው ረቂቅ ነው። ስለ አንድ ደን፣ ስለ አንድ ምንጭ ወይም ስለ አንድ የገበያ ቦታ ደንብ እንድናረቅቅ በታዘዝን ጊዜ፣ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ስፍራው እስከ ዛሬ በምን ሕግ ይኖር ነበር? ያን ሕግ ማን ይጠብቀው ነበር? ይህ ደንብ በወጣ ማግስት ጠባቂው ማን ይሆናል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልሱ በመዝገብ ቤት ባይገኝ፣ በሽማግሌዎች ዘንድ ይገኛል፤ የሚያስፈልገውም የአንድ ቀን መንገድና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው።

ይህ ምክር ለወጉ ብቻ የተነገረ አይደለም። የጓሳ ሜዳ ዛሬም ፈተና አለበት። ሕዝቡ በዝቷል፤ የእርሻው መሬት ለልጅ ልጅ ተከፋፍሎ ጠብቧል። ጧት ተነሥቶ ባዶ ጎተራውን የሚያይ ገበሬ፣ የተዘጋ ሜዳን አክብሮ ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም። እስከ ዛሬ ያከበረው ሕጉ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ያ እምነት ከልቡ የወጣ ዕለት የትኛውም ዘብ ሊመልሰው አይችልም።

ወደ መንዝ የሚወጣ መንገደኛ ጓሳን ሲያቋርጥ ታላቅ ግንብ አያይም። የሚያየው ነፋስ የሚያወዛውዘውን ሣር፣ ጅብራውን፣ የጭላዳውን መንጋ፣ ዕድል ካገኘም በማለዳ አይጥ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሣር እንዲያው የበቀለ እንዳልሆነ፣ ሰዎች ተመካክረው፣ ታግሠው፣ ተራ ጠብቀው ያኖሩት መሆኑን ያወቀ እንደ ሆነ፣ በእርግጥ ታላቅ ሥራ ፊት መቆሙን ይረዳል። አባቶቻችን በቃል ያኖሩትን እኛ በጽሑፍ እንድናጸናው፣ በጽሑፍ ያጸናነውንም በተግባር እንድናከብረው አምላክ ይርዳን።